ኢሜይላችሁ ስፓም ውስጥ እየገባ ነው? ችግሩን ከየት ጀምራችሁ እንደምትፈልጉ እና አዲስ አድራሻ እንዴት እንደሚሟሟቅ

ባለፈው ዓመት ለአንድ የውጭ መጽሔት አዘጋጅ የጽሑፍ ሐሳብ ላክሁ። አንድ ሳምንት ጠበቅሁ፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት... መልስ የለም። «ንቀውኝ ነው» ብዬ ተውኩት። ከወር በኋላ መልሱ መጣ። አዘጋጁ ሐሳቡን ወዶታል፣ ግን ኢሜይሌን ያገኘው ስፓም ውስጥ ነው፤ እስከዚያ ርዕሱን ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። የሁለት ወር የቤት ኪራይ የሚሸፍን ሥራ እንዲሁ አመለጠኝ።

በኋላ ሳጣራ ጥፋቱ የራሴ ነው። በስሜ ዶሜይን የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነበር። ምንም ነገር ሳላስተካክል በአንድ ቀን ለ60 አዘጋጆች አንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ ያውም አጭር ሊንክ ተለጥፎበት፣ ለቀቅኩባቸው። እኔ ትጋት መስሎኝ ነበር። ሰርቨሩ ያየው ግን ትናንት የተወለደ አድራሻ ዛሬ የስድሳ ሰው በር ሲደበድብ ነው።

ሥራ የምታመለክቱ፣ ለፍሪላንስ ደንበኛ የምትጽፉ፣ ወይም ለትንሽ ድርጅታችሁ ኢሜይል የምትልኩ ከሆነ ይህን ሴቭ አድርጉት። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን በየክፍሉ ስለተከፈለ የሚመለከታችሁን ብቻ መርጣችሁ ማንበብ ትችላላችሁ።

📌 ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

«ላክ» የሚለውን ስትነኩ ኢሜይሉ ቀጥታ ሰውየው ሳጥን ውስጥ አይገባም። የተቀባዩ ሰርቨር (ጂሜይል፣ አውትሉክ፣ ያሁ...) በር ላይ ያቆመውና ሦስት ነገር ያጣራል፦

1. ማን ነህ? በእርግጥ በዚህ ስም ለመላክ የተፈቀደልህ ነህ ወይስ የሰው ስም ይዘህ ነው የመጣኸው?
2. ጠባይህ እንዴት ነው? በቀን ስንት ትልካለህ? ስንቱ የሌለ አድራሻ ላይ ይመታል?
3. የደረሳቸው ሰዎች ምን አደረጉ? ከፈቱት፣ መለሱልህ፣ ወይስ «ስፓም ነው» ብለው ጠቆሙብህ?

ከታች ያለው ሁሉ ከነዚህ ከሦስቱ የአንዱ መልስ ነው። ዋርም-አፕ የሚባለው ነገር የሚረዳው ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ነው። አንደኛው ከተበላሸ ስንት ወር ብታሟሙቁ ዋጋ የለውም።

📌 መጀመሪያ ምርመራ

ብዙ ሰው ችግሩ ሲገጥመው ዘሎ የዋርም-አፕ አገልግሎት ይገዛል። ይሄ ሕመሙን ሳያውቁ መድኃኒት መዋጥ ነው። በቅድሚያ የቱ እንደሆነ ለዩ፦

👉 ተመልሶ መጣ (ባውንስ)፦ ሰርቨሩ አልቀበልም ብሎ ምክንያቱን ጽፎ መልሶላችኋል። ይሄ ቀላሉ ነው፣ ምክንያቱም ተነግሯችኋል።

👉 ደርሷል፣ ግን ስፓም ውስጥ ነው፦ ማንም አይነግራችሁም። ከባዱ ይሄ ነው።

👉 ኢንቦክስ ገብቷል፣ ሰውየው ነው ያልመለሰው፦ ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም። ርዕሱን ወይም መልእክቱን ማስተካከል ነው።

ሁለተኛውን ከሦስተኛው ለመለየት የጂሜይል፣ የአውትሉክ እና የያሁ አድራሻ ያላቸውን ሦስት አራት ጓደኞች ፈልጉ። ከዚህ በፊት ተጻጽፋችሁ የማታውቁ ቢሆኑ ይመረጣል፣ ምክንያቱም የሚያውቃችሁ ሰው ሳጥን ያዳላላችኋል። ያንኑ ኢሜይል ላኩላቸውና የት እንደገባ ጠይቁ። አውትሉክ ላይ ብቻ ስፓም ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው፤ ሁሉም ጋ ከሆነ መታወቂያችሁ ወይም የኢሜይሉ ይዘት ይጠረጠራል።

ባውንስ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን አንብቡ። በ4 የሚጀምር ጊዜያዊ ነው፣ ሰርቨሩ ራሱ ደግሞ ይሞክራል። በ5 የሚጀምር ቋሚ ነው፣ እስክታስተካክሉት ድረስ አይገባም።

▪️ 550 5.1.1፦ እንዲህ የሚባል አድራሻ የለም። አብዛኛውን ጊዜ የፊደል ስህተት ነው። ካልሆነም ሰውየው መሥሪያ ቤቱን ለቋል።
▪️ 452 4.2.2 ወይም 552 5.2.2፦ የተቀባዩ ሳጥን ሞልቷል።
▪️ 550 5.4.5፦ የቀን ኮታችሁን ጨርሳችኋል። መደበኛ ጂሜይል በቀን 500፣ የሚከፈልበት ጉግል ወርክስፔስ 2000 ላይ ያቆማል።
▪️ 421 4.7.0፦ ለጊዜው ታግዳችኋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በአንዴ ብዙ መላክ ነው። ቀስ በሉ።
▪️ 550 5.7.26፦ ጂሜይል ማንነታችሁን ማረጋገጥ አልቻለም።
▪️ 550 5.7.515፦ የማይክሮሶፍት ነው፤ ማንነትን የማረጋገጥ መስፈርቱን አላሟላችሁም ማለት ነው።
▪️ 550 5.7.1፦ ሰርቨሩ በራሱ ደንብ አልቀበልም ብሏል። አጠገቡ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ አይፈለጌ መልእክት ይመስላል የሚል ከሆነ ይዘቱን ወይም ስማችሁን ተጠራጥሮ ነው።

📌 መታወቂያ፦ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ

ይሄ ክፍል በራሳችሁ ዶሜይን ለምትልኩ ነው። በተራ ጂሜይል የምትልኩ ከሆነ ጉግል ሠርቶላችኋል፣ እለፉት።

ሦስቱም ዶሜይኑን የገዛችሁበት ቦታ፣ ዲኤንኤስ የሚባለው ክፍል ውስጥ የሚገቡ አጫጭር ጽሑፎች ናቸው።

✅ ኤስፒኤፍ ውክልና ነው። «እነዚህ ሰርቨሮች በእኔ ስም መላክ ይችላሉ» የሚል ዝርዝር።

✅ ዲኪም ማኅተም ነው። እያንዳንዱ ኢሜይል ላይ ያርፋል፤ መንገድ ላይ ጽሑፉ ከተነካካ ማኅተሙ አይገጥምም።

✅ ዲማርክ መመሪያ ነው። ከውክልናውም ከማኅተሙም አንዱ እንኳ ከስማችሁ ጋር ካልገጠመ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚለውን ይወስናል። ሦስት ደረጃ አለው፦ «ነን» (ምንም አታድርግ፣ ሪፖርት ብቻ ላክልኝ)፣ «ኳራንቲን» (ስፓም ውስጥ ክተተው)፣ «ሪጀክት» (አትቀበለው)። ስትጀምሩ «ነን» ይበቃል። ሪፖርቱን አይታችሁ ሁሉም ነገር ሲስተካከል ነው ወደ ላይ የምትወጡት።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች እነዚህ ናቸው፦

🔸 ሁለት ኤስፒኤፍ ማስገባት። አንድ ዶሜይን አንድ ብቻ ነው የሚኖረው። የዜና ደብዳቤ መላኪያ አገልግሎት ስትጨምሩ ሌላ አዲስ አትጻፉ፣ ነባሩ ውስጥ አስገቡት። ሁለት ከሆኑ ሁለቱም አይሠሩም።

🔸 ኤስፒኤፉን ማጨናነቅ። ሰርቨሩ ዝርዝሩን ለማጣራት ከ10 ጊዜ በላይ ሌላ ዲኤንኤስ መጠየቅ ካለበት ያቋርጠዋል። የማትጠቀሙበትን አውጡ።

🔸 ጉግል ወርክስፔስ ገዝቶ ዲኪምን ሳያበሩ መተው። አድሚን ገብቶ ካላበራው በራሳችሁ ዶሜይን ስም አይፈርምም። እኔ የወደቅሁት እዚህ ጋ ነው።

🔸 በሌላ አገልግሎት እየላኩ «ላኪ» ላይ የጂሜይል አድራሻ መጻፍ። ጂሜይል ዶት ኮም የእናንተ ዶሜይን ስላልሆነ የመታወቂያው ምርመራ ይወድቃል።

🔸 የዌብሳይቱን ፎርም መርሳት። ሰው «ያግኙን» የሚለው ላይ ሲጽፍ ኢሜይሉን የሚልከው የሆስቲንጉ ሰርቨር ነው። እሱ ውክልና ከሌለው የደንበኛ መልእክት ስፓም ውስጥ ይቀራል።

ካስተካከላችሁ በኋላ ታገሡ፤ ለውጡ ሁሉም ጋ እስኪደርስ እስከ 48 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ለማረጋገጥ ወደ ጂሜይላችሁ አንድ ኢሜይል ላኩ። ስልክ ላይ ከላኪው ስም ስር ያለችውን ትንሽ ቀስት ስትነኩ የደኅንነት ዝርዝር ይመጣል፤ «ሳይንድ-ባይ» የሚለው ፊት የራሳችሁ ዶሜይን መኖር አለበት። ሙሉውን ለማየት ኮምፒውተር ላይ «ሾው ኦሪጂናል» የሚለውን ክፈቱ። ሦስቱም ጎን «ፓስ» ካለ መታወቂያው አልቋል።

📌 ዋርም-አፕ ማለት ምን ማለት ነው?

አዲስ ሰፈር ገብታችሁ በመጀመሪያው ቀን ባለሱቁን «የወሩን አስቤዛ በዱቤ ስጠኝ» ብትሉት ይሰጣችኋል? አይሰጥም። ክፉ ስለሆናችሁ አይደለም፣ ስለማያውቃችሁ ነው። ዳቦ ትገዛላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፤ ነገ ዘይት፣ ትከፍላላችሁ። ከወር በኋላ ደብተሩን ራሱ ያወጣል። አዲስ ዶሜይንም ሰርቨሮች ፊት እንደዚሁ ነው። መጥፎ ስም ባይኖረውም ስም የለውም። ዋርም-አፕ ይህን ስም በትንሽ በትንሹ መገንባት ነው።

ለትንሽ ላኪ የሚሆን አካሄድ እንዲህ ነው (ቁጥሩ ሕግ አይደለም፣ መነሻ ነው)፦

🗓 1ኛ ሳምንት፦ በቀን ከ5 እስከ 10። ለምታውቋቸው ሰዎች ብቻ። እውነተኛ ጥያቄ ጠይቋቸው፣ እንዲመልሱላችሁ። ስፓም ውስጥ ካገኙት «ስፓም አይደለም» እንዲሉ እና አድራሻችሁን ኮንታክት ውስጥ እንዲያስገቡ ንገሯቸው።

🗓 2ኛ ሳምንት፦ በቀን ከ15 እስከ 20። የድሮ ደንበኞች፣ አብራችሁ የሠራችሁ፣ የጻፉላችሁ ሰዎች።

🗓 3ኛ ሳምንት፦ በቀን ከ20 እስከ 30። አሁን የማያውቋችሁን ጥቂት ጨምሩ፣ ግን ለእያንዳንዱ ለየብቻ የተጻፈ ይሁን።

🗓 4ኛ ሳምንት፦ በቀን ከ30 እስከ 50። ከዚህ በላይ በየሳምንቱ ቀስ እያላችሁ ብቻ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ባውንስ ከበዛ ወይም ስፓም መግባት ከጀመረ ቁጥሩን አትጨምሩ፤ አንድ እርምጃ ወደኋላ ተመለሱ። ሁለተኛ፣ ሰኞ 200 ልኮ እስከ ዓርብ ዝም ማለት ከየቀኑ 40 የባሰ ነው። ሰርቨር የሚወደው የማይዋዥቅ ልማድ ነው።

«አውቶማቲክ ዋርም-አፕስ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣል። እነዚህ አገልግሎቶች የአባሎቻቸውን አካውንቶች እርስ በርስ ያጻጽፋሉ፤ ማሽን ይልካል፣ ማሽን ይከፍታል፣ ማሽን ይመልሳል። ጉግል ይህን አይወደውም። እ.ኤ.አ. በ2023 ጂማስ የተባለው ታዋቂ አገልግሎት በጉግል ግፊት ዋርም-አፑን ዘግቷል። በዚያ ላይ የኢሜይላችሁን ቁልፍ ለማታውቁት ድርጅት መስጠት አለ። ደግሞም ማሽኑ ጥሩ ቁጥር እያሳያችሁ እውነተኛው ሰው ጋ ስፓም ልትሆኑ ትችላላችሁ። በወር የምትከፍሉትን ብር ለዚህ ከማውጣት ለሃያ የምታውቋቸው ሰዎች ጻፉ።

📌 «ሁሉንም አድርጌያለሁ፣ አሁንም ስፓም ነው»

እሺ፣ እነዚህን በተራ ፈትሹ፦

🔍 አጭር ሊንክ አለበት? ሊንክ ማሳጠሪያዎችን አጭበርባሪዎችም ስለሚጠቀሙባቸው ጥርጣሬው ለእናንተም ይተርፋል። ሙሉውን ሊንክ ጻፉ።

🔍 ኢሜይሉ ሙሉ በሙሉ ፖስተር ነው? እኛ ጋ በጣም የተለመደ ነው፤ ማስታወቂያውን በምስል ሠርቶ ያለ አንድ መስመር ጽሑፍ መላክ። ሰርቨሩ ምስሉ ውስጥ ያለውን እንደ ጽሑፍ ስለማያይ ይጠራጠራል። ቁም ነገሩን በጽሑፍ አድርጉት፣ ምስሉ ይከተል።

🔍 ዶሜይኑ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገብቷል? ስፓምሃውስ የተባለው ድርጅት ዝርዝር በብዙ ሰርቨሮች ይታያል። ገጹ ላይ የዶሜይናችሁን ስም ጽፋችሁ ማየት ትችላላችሁ። ካላችሁበት መጀመሪያ ምክንያቱን አስተካክሉ፣ ከዚያ እንዲያወጧችሁ ጠይቁ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁ ተመልሳችሁ ትገባላችሁ።

🔍 ርካሽ ሆስቲንግ ላይ ናችሁ? ከብዙ ሰው ጋር አንድ ሰርቨር ስትጋሩ የጎረቤት ጥፋት ለእናንተ ይተርፋል። ዌብሳይቱ እዚያው ይቆይ፣ ኢሜይሉን ግን ወደ ዋና የኢሜይል አገልግሎት ውሰዱት።

🔍 ዝርዝሩን ከየት አመጣችሁት? በቴሌግራም «10 ሺህ የድርጅት ኢሜይል» ብለው የሚሸጡትን ከገዛችሁ ችግሩን እዚሁ አገኛችሁት። ግማሹ የሞተ አድራሻ ነው፣ አንዳንዱም ስፓም ላኪን ለመያዝ የተጠመደ ወጥመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 1321) እንዳወጣችም አትርሱ፤ የሰውን አድራሻ ሳይፈቅድ መሸጥም መጠቀምም እንደ ድሮው ቀላል ነገር አይደለም።

🔍 «ኦፕን ሬቴ 70 ፐርሰንት ነው» እያላችሁ ነው? አትተማመኑበት። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሜይል አፑ ሰው ሳይከፍተውም ምስሎችን ቀድሞ የሚያወርድ አሠራር ስላስገባ፣ ያልተከፈተው እንደ ተከፈተ ይቆጠራል። የሚታመነው መልስ ነው። ስንት ሰው መለሰላችሁ?

🔍 ስንት ሰው «ስፓም» ብሎ ጠቆመ? ጉግል ለብዙ ላኪዎች ያስቀመጠው ጣሪያ 0.3 በመቶ ነው፣ ከ0.1 በታች እንዲሆን ይመክራል። ሒሳቡን ሥሩት፦ 100 ሰው ልካችሁ አንድ ሰው ቢጠቁም 1 በመቶ ሆነ። ለዚህ ነው «መውጣት ከፈለጉ እዚህ ይንኩ» የሚለውን መደበቅ ሞኝነት የሚሆነው። መውጫ ያጣ ሰው የስፓሙን ቁልፍ ነው የሚነካው።

ለትልልቅ ላኪዎች ደግሞ ጉዳዩ ምክር መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆኗል። ጉግል እና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ብዙ ኢሜይል የሚልኩትን (ጉግል መስመሩን ያሰመረው በቀን 5000 ላይ ነው) ሦስቱንም መታወቂያ እና በአንድ ንክኪ መውጫ ይጠይቃሉ። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ጀምሮ ሦስቱን መታወቂያ መጠየቅ ጀምሯል። የጂሜይል ሁኔታችሁን «ጉግል ፖስትማስተር ቱልስ» ላይ በነፃ ማየት ትችላላችሁ፤ ግን በቀን ጥቂት ብቻ የምትልኩ ከሆነ ባዶ ያሳያችኋል፣ አትደንግጡ።

📌 ዶሜይን የለኝም፣ በስልኬ ሥራ ነው የማመለክተው

እናንተ ዋርም-አፕ አያስፈልጋችሁም። ቪፒኤንም ሆነ የቤት ዋይፋይ ምክንያት አይደለም፤ በጂሜይል ስትጽፉ ኢሜይሉን የሚያደርሰው የጉግል ሰርቨር ነው። እነዚህ ግን ያስፈልጓችኋል፦

✔️ ለ40 ቀጣሪ በአንዴ በድብቅ ኮፒ አትላኩ። አንድ በአንድ፣ ስማቸውን ጠርታችሁ።
✔️ ርዕሱን ባዶ አትተዉ። የሥራ መደቡን እና ስማችሁን ጻፉ።
✔️ ሲቪያችሁን በአንድ ፒዲኤፍ አድርጉ። የተጨመቀ ፋይል አትላኩ፤ አባሪው ሁሉ አንድ ላይ ከ25 ሜጋባይት ካለፈ ጂሜይል በአባሪነት አይልከውም።
✔️ አድራሻውን ከማስታወቂያው ላይ ኮፒ አድርጉ እንጂ በእጅ አትጻፉ። ማስታወቂያው ፎቶ ከሆነ ደግማችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ።
✔️ የጉግል ቦታችሁን እዩ። ነፃው 15 ጊጋባይት ለኢሜይል፣ ለፎቶ እና ለድራይቭ በጋራ ነው። የስልካችሁ ፎቶ ከሞላው ኢሜይል መቀበል ታቆማላችሁ። ቀጣሪው «ለኢንተርቪው ና» ብሎ ይጽፋል፣ ተመልሶ ይመጣበታል፣ እናንተ ደግሞ «ናቁኝ» እያላችሁ ነው።
✔️ የራሳችሁን ስፓም በሳምንት ሁለት ጊዜ ክፈቱ። ጂሜይል እዚያ የገባውን በ30 ቀን ያጠፋዋል። የምትጠብቁትን ካገኛችሁ «ስፓም አይደለም» በሉ።

📌 ለማጠቃለል

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መርምሩ፣ መታወቂያውን አስተካክሉ፣ ዝርዝሩን አጽዱ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ አሟሙቁ። ስሙ አንዴ ከተበላሸ ግን በአንድ ቀን አይመለስም፤ ሳምንታት ይፈጃል።

እኔ ከዚያ በኋላ ዲኪሙን አበራሁ፣ አጫጭር ሊንኮችን ተውኩ፣ ለአንድ ወር ያህል ከማውቃቸው ሰዎች ጋር ብቻ ተጻጻፍኩ። አሁን በቀን ከሦስት አዘጋጅ በላይ አልጽፍም። ሁሉም አይመልሱም። «አይሆንም» የሚሉት ግን በዝተዋል፤ እመኑኝ፣ ከዝምታ በኋላ «አይሆንም» ራሱ ደስ ይላል። ቢያንስ አንብበውታል ማለት ነው።

ሥራ እያመለከተ መልስ ያጣ ጓደኛ ካላችሁ ላኩለት። ምናልባት አልናቁትም፣ አላዩትም ይሆናል።